ለእሸቱ የሚደርስ ዜና



የዛሬው ዲስኩሬ ማንም ሳይነካው ስክሪን ላይ ራሱን በራሱ ስለሚያድስ ዜና ነው። የቡና አቅራቢ ወይም የኅብረት ሥራ ዩኒየን ቢሮ ውስጥ ብትገቡ፣ ብዙ ጊዜ ከሚዛን ደረሰኙና ከሂሳብ መዝገቡ አጠገብ አንድ ኮምፒውተር ታገኛላችሁ። ቴሌግራም ከጠዋት እስከ ማታ ተከፍቶበታል። «ኒውዮርክ ጨመረ»፣ «ዶላር ይህን ያህል ገባ»፣ «ላኪው በዚህ ዋጋ ይቀበላል» የሚሉ መልእክቶች ማንም ሳይጠይቃቸው እየመጡ ይደረደራሉ። በጅማ ዞን፣ ሃያ ኪሎ ሜትር ርቆ በጎማ ወይም በማና ወረዳ የሚኖረው ገበሬ ግን ያንኑ ዜና የሚሰማው በማግስቱ፣ አንዳንዴም ቡናውን ከሸጠ በኋላ ነው።

እኔ የማምነው አንድ ነገር ነው፤ ሌላው ንግግሬ ሁሉ ከእሱ ይወጣል። የዜና ፍጥነት መመዘን ያለበት ከሁሉ ደካማ የሆነው ተገበያይ ውሳኔውን ከመወሰኑ በፊት ደርሶታል ወይ በሚል ጥያቄ ነው። ለነጋዴው በሰከንድ ደርሶ ለገበሬው በሁለተኛው ቀን የሚደርስ ዜና፣ እውነት ቢሆንም እንኳ፣ የሚያሰፋው የአንዱን አቅም ብቻ ነው።

ከቡናው እንጀምር፤ የሚያስፈልገንን ፍጥነት የሚነግረን ቡናው ራሱ ነውና። እሸት ቡና ከዛፍ ከወረደበት ሰዓት ጀምሮ መብላላት ይጀምራል። ታጥቦ የሚሸጥ ከሆነ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በጥቂት ሰዓታት ውስጥ፣ መፈልፈያው ጋ መድረስ አለበት። ካመሸ ጣዕሙ ይበላሻል፣ ደረጃው ይወርዳል። ስለዚህ ጠዋት የለቀመች እናት ከሰዓት በኋላ ጆንያዋን ተሸክማ መሰብሰቢያው ጋ ስትደርስ የመደራደር ጊዜዋ አልቋል። ዛሬ የሚነገራትን ዋጋ ትቀበላለች፤ ይዛው ብትመለስ ነገ ሌላ ቡና ነው የሚሆነው። ለእሷ የሚጠቅማት ዋጋ ቅርጫቱን አንስታ ወደ ማሳ ከመውጣቷ በፊት የምትሰማው ዋጋ ብቻ ነው።

ከነቅርፊቱ የሚደርቀው ቡና፣ ጀንፈል፣ ግን ሌላ ነው። አልጋ ላይ በደንብ የደረቀ ጀንፈል ቤት ውስጥ ለወራት ይቀመጣል። ገበሬው የልጅ ደብተር፣ የሠርግ ወጪ ወይም የመሬት ግብር ሲመጣበት ከዚያ እየቀነሰ ይሸጣል። ለጀንፈል ባለቤት በየደቂቃው የሚለዋወጥ ቁጥር ብዙም አይፈይድለትም። እሱ ማወቅ ያለበት ዋጋው በዚህ ወር ወደ ላይ እያዘነበለ ነው ወይስ ወደ ታች የሚለውን ነው። እንዲያውም በየሰዓቱ የሚጮህ ስልክ አስደንግጦ ያለጊዜው ሊያሸጠው ይችላል። ያው አንድ ቡና፣ እሸት ሳለ በሰዓት የሚለካ ዜና ይፈልጋል፤ ጀንፈል ሲሆን በሳምንት የሚለካ። የዜና ማድረሻ የሚሠራ ሰው ይህን ልዩነት ካላወቀ ፍጥነቱን ያለ ቦታው ያባክነዋል።

በሰዓቱ የደረሰ ዜና ምን እንደሚሠራ በግልጽ የታየው በደቡብ ሕንድ፣ በኬረላ የባሕር ዳርቻ ነው። እ.ኤ.አ. ከ1997 እስከ 2001 ባሉት ዓመታት የሞባይል ስልክ በዚያ ዳርቻ ደረጃ በደረጃ ተዘረጋ። ሮበርት ጄንሰን የተባለ የኢኮኖሚ ተመራማሪ ከዚያ በፊትና በኋላ የሆነውን መዝግቦ እ.ኤ.አ. በ2007 አሳተመ። ከስልኩ በፊት ዓሣ አጥማጆች ጀልባቸውን ወደ ለመዱት ገበያ ብቻ ይመልሱ ነበር። ገበያው ከሞላ ገዢ አጥተው ዓሣውን መልሰው ባሕር ውስጥ ይደፉታል፤ ጥቂት ኪሎ ሜትር ርቆ ባለው ገበያ ደግሞ ገዢ ዓሣ አጥቶ ባዶ እጁን ይመለሳል። በዚህ ምክንያት ከተጠመደው ዓሣ ከመቶ 5 እስከ 8 እጅ ይባክን ነበር። ስልኩ ሲመጣ አጥማጁ ገና ባሕር ላይ ሳለ ደውሎ ወደየትኛው ገበያ እንደሚሄድ መወሰን ቻለ። ብክነቱ ቀረ፣ በገበያዎቹ መካከል የነበረው የዋጋ ልዩነት ጠበበ። የአጥማጆቹ ትርፍ በመቶ 8 ጨመረ፣ የሸማቹ ዋጋ በመቶ 4 ቀነሰ። ሻጩም ገዢውም ተጠቀሙ።

ልብ በሉ፤ ዓሣ እንደ እሸት ቡና ነው፣ ውሎ አያድርም። ለውጡ የመጣው ዜናው ውሳኔው በሚወሰንበት ቦታ፣ ጀልባው ላይ ስለደረሰ ነው። ገበያው ዳር ያለ ቢሮ ውስጥ ቢቀር ኖሮ ጀልባው ወዴት እንደሚዞር የሚነግር አይኖርም ነበር።

የእኛስ? ጌታው ታደሰና ጎድፍሬይ ባሂግዋ ስለ ኢትዮጵያ ገበሬዎችና ስለ ሞባይል ስልክ ያደረጉትን ጥናት እ.ኤ.አ. በ2015 አሳትመዋል። ያገኙት መልስ ሊያሳስበን ይገባል፤ ስልክ ያላቸው ገበሬዎች ብዙዎች ናቸው፣ ለመሸጥ ሲወስኑ በስልኩ መረጃ የሚጠቀሙት ግን ጥቂት ናቸው። ከምክንያቶቹ ዋናው የሚጠቅማቸውን ዓይነት መረጃ በስልኩ ስለማያገኙ ነው። መሣሪያው እጃቸው ገብቷል፤ የጎደለው በእሱ ላይ የሚላከው ነገር ነው።

እስቲ አሁን ይህ በራሱ የሚመጣ ዜና እንዴት እንደሚሠራ እንመልከት። የኮምፒውተር ተማሪዎች ታገሡኝ፣ ለሌሎቻችን ነው። ድረ ገጽ ሲፈጠር የነበረው ሥርዓት «ስትጠይቀኝ እመልስልሃለሁ» የሚል ነበር። መረጃውን የያዘው ሰርቨር ዝም ብሎ ይቀመጣል፤ አዲስ ነገር ለማየት ገጹን ደግሞ መክፈት ያስፈልጋል። መጀመሪያ የተገኘው ዘዴ ኮምፒውተሩ በየጥቂት ሰከንዱ «አዲስ አለ?» እያለ እንዲጠይቅ ማድረግ ነው። ልጅን በየሩብ ሰዓቱ «ዋጋ ስንት ደረሰ?» ብሎ ገበያ እንደ መላክ ነው፤ አብዛኛውን ጊዜ «ያው ነው» ብሎ ይመለሳል፣ መንገዱ ግን አድክሞታል። በኢንተርኔትም ድካሙ በዳታና በባትሪ ይከፈላል።

ቀጥሎ የመጣው ዘዴ ጥያቄውን ተቀብሎ አዲስ ነገር እስኪገኝ መልሱን ማቆየት ነው። ፌስቡክ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2008 የጀመረው የጽሑፍ መጨዋወቻ የተሠራው በዚህ መንገድ ነበር። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2011 ደግሞ ዌብሶኬት የተባለው ስምምነት ጸደቀ፤ አንዴ የተከፈተው መስመር ሳይዘጋ ሁለቱም ወገኖች በፈለጉት ሰዓት እንዲነጋገሩ ያስችላል። ዛሬ በዴስክቶፕ ላይ የምናያቸው ብዙ የማኅበራዊ ሚዲያ መተግበሪያዎች በዚህ ወይም በተመሳሳይ ክፍት መስመር ይሠራሉ።

ፌስቡክ ያን መጨዋወቻ በከፈተበት በዚያው ወር፣ በሚያዝያ 2000 ዓ.ም.፣ አዲስ አበባ ላይ የኢትዮጵያ ምርት ገበያ ሥራ ጀመረ። መሥራቹ ዶክተር እሌኒ ገብረመድኅን ደጋግመው ያነሡት ችግር የእኛው ችግር ነበር፤ ሻጩ ከራሱ ገበያ ማዶ ያለውን ዋጋ አለማወቁ። አዋጅ ቁጥር 602/2000 ከወጣ በኋላ ቡና በ2001 ዓ.ም. ወደዚያ ገበያ ገባ። ጅማ፣ ቦንጋና በደሌ መጋዘን አገኙ። ቡናው መጋዘን ሲደርስ ይቀመስ፣ ደረጃም ይሰጠው ነበር፤ አዲስ አበባ አዳራሽ ውስጥ ሻጭና ገዢ ፊት ለፊት ተጫርተው ሲስማሙ መዳፍ ለመዳፍ ይመታቱ ነበር፤ ክፍያውም በማግስቱ ይፈጸም ነበር። ዋጋው በየከተማው በተተከሉ የኤሌክትሮኒክ ሰሌዳዎች፣ በአጭር መልእክትና በድምፅ ስልክ ይለቀቅ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2015 ግብይቱ ራሱ ወደ ኮምፒውተር ስክሪን መሸጋገር ጀመረ።

ይህ ሥርዓት ያመጣውን ትልቅ ነገር ማቃለል አይገባም። አንድ አደባባይ ላይ የቆመን ሰሌዳ አቅራቢውም፣ ሰብሳቢውም፣ ገበሬውም ያነቡት ነበር፤ ዋጋ የሁሉም ሆነ። ነገር ግን ሰሌዳው የቆመው ከተማ ውስጥ ነበር። የሚያሳየውም በፈረሱላ፣ ማለትም በ17 ኪሎ፣ ተሰልቶ ለአቅራቢው የሚከፈለውን ዋጋ ነበር። ገበሬው የሚሸጠው ደግሞ እሸት ወይም ጀንፈል በኪሎ ነው። ከሰሌዳው እስከ ሚዛኑ ያለውን ስሌት ማንም አልሠራለትም።

ከ2009 ዓ.ም. የቡና ግብይት አዋጅ፣ ከቁጥር 1051፣ ወዲህ ደግሞ ገበሬው፣ ኅብረት ሥራ ማኅበሩና አቅራቢው ከላኪ ጋር በቀጥታ የሚገናኙበት በር እየሰፋ ሄዷል። ይህ ለጥሩ ቡና ባለቤቶች ትልቅ ዕድል ነው፤ በአጋሮ ዙሪያ ያሉ ማኅበራት ስማቸውን በዓለም ያስጠሩት በቀጥታ ከሚያውቃቸው ገዢ ጋር በመሥራት ነው። ሆኖም በአዳራሽ የተስማሙበት ዋጋ ለሁሉም ይታይ ነበር፤ በቀጥታ የተስማሙበት ዋጋ ግን በሁለቱ ስልኮች ውስጥ ይቀራል። በመካከል የተፈጠረውን ባዶ ቦታ የሞላው የቴሌግራም ቻናል ነው። ስለዚህ ዛሬ ስለ ቴሌግራም ስናወራ ስለ ጨዋታ አይደለም የምናወራው፤ የገበያውን ሰሌዳ ስለተካው ነገር ነው።

በዚህ አዲስ ሰሌዳ ላይ የሚወጣ ዋጋ ግን ብዙ ጊዜ ግማሹ ይጎድለዋል። «ዛሬ ቡና ይህን ያህል ገባ» ይላል። የትኛው ቡና? አንድ ኪሎ ንጹሕ ጥሬ ቡና የሚወጣው ከስድስት ኪሎ ያህል እሸት ነው፤ ከጀንፈል ከሆነ ሁለት ኪሎ ያህል። የታጠበው ሊሙና ያልታጠበው «ጅማ 5» በዓለም ገበያ የተለያየ ስምና የተለያየ ዋጋ አላቸው። የጥሬ ቡናውን ዋጋ ሰምቶ የጀንፈሉን የሚጠብቅ ገበሬ በሚዛኑ ፊት ይጣላል፤ ሰብሳቢው ሌባ ይባላል፣ ምናልባትም ሳይሰርቅ።

ከኒውዮርክ የሚመጣው ቁጥር ደግሞ የበለጠ ማብራሪያ ይፈልጋል። ያ ዋጋ ወደፊት በተወሰነ ወር የሚረከቡት የአረቢካ ጥሬ ቡና ዋጋ ነው፤ የሚነገረውም በፓውንድ ነው። አንድ ፓውንድ 453 ግራም ያህል ነው። እ.ኤ.አ. በጁላይ 2021 ብራዚልን ውርጭ ሲመታት ዋጋው በዚያው ወር ከ2 ዶላር አለፈ። እ.ኤ.አ. በፌብሩዋሪ 2025 ደግሞ ከ4 ዶላር በላይ ወጥቶ ከዚያ በፊት ያልታየ ደረጃ ደረሰ፤ ይህም በኪሎ 8 ዶላር ከ80 ሳንቲም ያህል ማለት ነው። ከዚያ ላይ ማጓጓዣ፣ ማበጠሪያ፣ የባንክ ወለድና የላኪው ትርፍ ይቀነሳል። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ወዲህ፣ የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላ፣ ሁለተኛ ተለዋዋጭ ቁጥር ተጨምሯል። ኒውዮርክ ወርዶ ዶላር ከወጣ የጅማው ዋጋ ባለበት ሊቆም ይችላል። በቻናሉ ላይ ከሁለቱ አንዱን ብቻ የሚለጥፍ ሰው፣ ሳያስበው፣ በሺዎች የሚቆጠሩ ሰዎችን ያሳስታል።

ስለዚህ ማንኛውም የዋጋ መልእክት አራት ነገር ይያዝ እላለሁ፤ የትኛው ቡና፣ የት ቦታ፣ በስንት ሰዓት፣ ማን እንዳለው። እነዚህ አራቱ ከሌሉት ዋጋ ሳይሆን ወሬ ነው፤ ቶሎ መድረሱም ወሬውን ቶሎ ያዳርሰዋል እንጂ እውነት አያደርገውም።

ሌላው ጉዳይ መስመሩ ሲቋረጥ ምን ይሆናል የሚለው ነው። እኛ አገር መብራት ይሄዳል፣ ኔትወርክ ይሄዳል። እዚህ ላይ ከቴሌግራም አሠራር የምንማረው መልካም ነገር አለ። ከሰርቨሩ የሚላኩት ለውጦች ተራ ቁጥር አላቸው። መተግበሪያው 41ኛውን ተቀብሎ ቀጥሎ 43ኛው ከመጣበት፣ 42ኛው እንደጎደለ ያውቃል፤ ሰርቨሩን ጠይቆ ጉድለቱን ይሞላል። ከሁለት ሰዓት በኋላ መብራት ቢመጣም ካቆመበት ቁጥር ጀምሮ ያለፈውን ብቻ ይቀበላል፤ ሁሉን እንደ አዲስ አያወርድም። እዚህ አገር ለሚሠራ ማንኛውም መተግበሪያ ይህ ግዴታ መሆን አለበት። መስመሩ ከማይቋረጥበት አገር የተቀዳ ንድፍ እንደ ሰቃ ጨቆርሳ ባለ ወረዳችን ላይ ይሰበራል።

ከመብራት የከፋ መቋረጥም አይተናል። ከሰኔ 23 ቀን 2012 ዓ.ም. ጀምሮ፣ ከአርቲስት ሃጫሉ ሁንዴሳ ግድያ በኋላ፣ ኢንተርኔት በመላ አገሪቱ ለሦስት ሳምንታት ያህል ተዘጋ። ከየካቲት እስከ ሐምሌ 2015 ዓ.ም. ደግሞ ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ታግደው ቆዩ፤ አምስት ወር መሆኑ ነው። ባለቤቱ ራሱ የሚዘጋበት ጊዜም አለ። ትዊተር እ.ኤ.አ. በኦገስት 2018 ሌሎች ድርጅቶች የሠሯቸው የዴስክቶፕ መተግበሪያዎች ቅጽበታዊ ዜና የሚቀበሉበትን መስመር ቆረጠ፤ ለዓመታት በራሳቸው ሲያድሱ የነበሩ መተግበሪያዎች በአንድ ቀን ወደ «እየጠየቁ መቀበል» ተመለሱ። የአንድ ወረዳ የዋጋ ዜና በሌላ ሰው መስመር ላይ ብቻ ሲንጠለጠል የሚያሰጋው ይህ ነው። የለቀማ ወቅት ላይ መስመሩ ቢቆረጥ እሸቱ አይጠብቅም።

እንግዲህ ምን እናድርግ? መጀመሪያ ስክሪኑን ለምትሠሩት፣ ለወጣቶቹ።

አዲስ መልእክት ሲመጣ አንባቢው የሚያነበውን ከዓይኑ ሥር አትንጠቁት። ዝርዝሩ በራሱ እየተንሸራተተ ሲሄድ የሂሳብ ሠራተኛው የአንዱን ረድፍ ዋጋ በሌላው ረድፍ ይጽፋል፤ ይህ በገንዘብ የሚከፈል ስሕተት ነው። «አምስት አዲስ መልእክት አለ» ብላችሁ ከላይ አሳዩት፤ ሲፈልግ ራሱ ይክፈተው። ቀጥሎ የመረጃውን ዕድሜ አሳዩ። መስመሩ ከተቋረጠ አንድ ሰዓት ከሆነው፣ የአንድ ሰዓት ዕድሜ ያለው ዋጋ መሆኑን በጉልህ ይጻፍ፤ አሮጌ ዋጋ አዲስ መስሎ መታየት የለበትም። የታረመ ዋጋም እንደታረመ ይታወቅ፤ የቀድሞው ሳይጠፋ የተሻረበት ሰዓት ይጻፍ። በመጨረሻም የእሸትን ዋጋና የጀንፈልን ዋጋ ለያይታችሁ ላኩ፤ የእሸቱ ጠዋት ከለቀማ በፊት ይድረስ፣ የጀንፈሉ በሳምንት አንዴ ካለፈው ሳምንት ጋር እየተነጻጸረ ይቅረብ።

ቀጥሎ ለኅብረት ሥራ ማኅበራትና ለዩኒየኖች። ኮምፒውተሩ እናንተ ቢሮ ነው፤ እሸቱ ግን ቀበሌ ነው። ቴሌግራሙ ላይ የደረሰ ዋጋ በዚያው ሰዓት ከቢሮው የሚወጣበት መንገድ ይሠራ። ተራ ስልክ ላለው በአጭር መልእክት፣ ማንበብ ለማይችል በድምፅ፣ ስልክ ለሌለው በመሰብሰቢያው ሚዛን አጠገብ በተሰቀለ ሰሌዳ ይድረስ። ቋንቋውም በዚህ ምድር ቡና የሚለቅሙት ሰዎች ቋንቋ፣ አፋን ኦሮሞ ይሁን። ይህ የማይሞከር ነገር አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ2014 የተከፈተው 8028 የገበሬዎች የስልክ መስመር በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞና በትግርኛ የእርሻ ምክር በድምፅ ሲሰጥ አይተናል። ለእርሻው የተቻለው ለሽያጩም ይቻላል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ማኅበረሰብ ሬዲዮም አለ፤ ኢንተርኔት ቢቆረጥ ሬዲዮ አይቆረጥም። በለቀማ ወራት በየማለዳው የእሸት ዋጋ፣ ቡናው፣ ቦታው፣ ሰዓቱና ምንጩ ተጠርቶ ቢነበብ ሁለት ደቂቃ አይፈጅም።

ለነጋዴዎችም የምለው አለኝ። ቀድሞ ማወቅ የንግድ ጥበብ መሆኑን አውቃለሁ፤ ነጋዴ ዜና ቀድሞ በማግኘቱ የሚወቀስበት አገር የለም። ነገር ግን የኬረላን ታሪክ አስቡ። ዜናው ለሁሉም ሲደርስ ብክነት ቀርቶ ገበያው ሰፋ። ጥሩ ዋጋ አስቀድሞ የሰማ ገበሬ ቀይ ቀዩን ብቻ ለይቶ ይለቅማል፤ በሚዛኑ የሚያምን ገበሬ በሚቀጥለውም ዓመት ወደ እናንተው ይመጣል። ከገበሬው ድንቁርና የሚገኝ ትርፍ አንድ ወቅት ያበላል፤ ከጥሩ ቡና የሚገኘው ግን የጅማን ስም ያነሣል። «ጅማ 5» የሚለው ስም ለረጅም ዘመን የዝቅተኛ ደረጃ መጠሪያ ሆኖ ኖሯል፤ ያንን ስም የሚለውጠው ለቀይ እሸት የሚከፈለው ተጨማሪ ዋጋ ለቃሚዋ ጆሮ በጊዜ ሲደርስ ነው።

ተማሪዎች ሆይ፣ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የኮምፒውተር ትምህርት ቤቱና የግብርና ኮሌጁ የአንድ ተቋም ልጆች ናቸው። መልኮ ያለው የጅማ ግብርና ምርምር ማዕከልም ጎረቤታችሁ ነው፤ የቡና በሽታ ዘሩን ሊያጠፋው ሲቃረብ በሽታውን የሚቋቋሙ ዝርያዎችን ያወጣ ማዕከል ነው። የመመረቂያ ሥራ ርዕስ ስትፈልጉ ሌላ የመጨዋወቻ መተግበሪያ ከመቅዳት ይህን ውሰዱ፤ ከአንድ ዩኒየን ቢሮ ኮምፒውተር ተነሥቶ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ በአንድ ቀበሌ ላለ ተራ ስልክ ሁሉ የእሸት ዋጋ በአፋን ኦሮሞ በድምፅ የሚያደርስ፣ መስመር ሲቆረጥ ጉድለቱን የሚሞላ፣ የዋጋውን ምንጭና ሰዓት የማይደብቅ አንድ ሥርዓት። ለመጪው ጥቅምት ለቀማ በአንድ ማኅበር ይጀመር፤ ለቃሚዎቹም ዋጋውን ከመልቀማቸው በፊት ሰምተው እንደሆነ ይጠየቁ። መልሳቸው «አዎ» ከሆነ ሥርዓቱ ፈጣን ነው፤ «አይ» ካሉ በስንት ሺህኛ ሰከንድ ቢሠራም ገና ዘገምተኛ ነውና እንደገና ይሠራ።